የሮቶና የቤት ውሃ ፓምፕ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሮቶ፣ ከ0.5 እስከ 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕና አውቶማቲክ (ግፊቱን እያየ ፓምፑን ራሱ የሚያስነሳና የሚያጠፋ መሣሪያ) ላላቸው መኖሪያ ቤቶች፤ ከፍታን የሚመለከቱት ቁጥሮች ለአዲስ አበባ የተሰሉ ናቸው።

ሮቶዬ ከፍ ያለ ማማ ላይ ነው። ታዲያ ፓምፕ ለምን ያስፈልገኛል?

ላያስፈልግዎት ይችላል። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታው ነው፤ 10 ሜትር ቁመት 1 ባር ይሰጣል። ሮቶው 3 ሜትር ማማ ላይ ቢቀመጥና የሻወሩ ራስ ከመሬት 2 ሜትር ላይ ቢሆን የሚተርፈው ልዩነት 1 ሜትር፣ ማለትም 0.1 ባር ብቻ ነው። ይህ ባልዲ ለመሙላትና የሽንት ቤቱን ገንዳ ለመሙላት አያንስም። ብዙ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ግን ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፤ የሻወር ማሞቂያም ግፊት ሲያንሰው አልነሳ ይላል ወይም እየተነሳ ይጠፋል።

ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት የቧንቧዎቹን አፍ ይፍቱና ውስጣቸው ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይመልከቱ። “ግፊት የለም” ከሚባልባቸው ቤቶች ጥቂት በማይባሉት ችግሩ በአሸዋና በዝገት የተደፈነች ይህችው ወንፊት ናት። የሻወር ራስንም ማታ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ቀዳዳዎቹን ይከፍታል።

ስንት የፈረስ ጉልበት ልግዛ? ፓምፑ ላይ የተጻፈው “35 ሜትር፣ 35 ሊትር” ምን ማለት ነው?

ለአንድ ቤተሰብ፣ እስከ ጂ+1 ድረስ፣ 0.5 የፈረስ ጉልበት (370 ዋት) ይበቃል። በጂ+2 ሁለት ሻወርና ወጥ ቤት በአንድ ጊዜ የሚከፈት ከሆነ ወደ 1 የፈረስ ጉልበት ከፍ ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ መግዛት ጥቅም የለውም። ቧንቧው ሳይለወጥ ፓምፑ ብቻ ሲተልቅ ትርፉ ጩኸት፣ የመብራት ሒሳብና የመገጣጠሚያዎች ማንጠባጠብ ነው።

ፓምፑ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች በአንድ ላይ አይገኙም። 35 ሜትር የሚለው ምንም ውሃ ሳይፈስ ሊደርስበት የሚችለው ከፍታ ነው፤ በደቂቃ 35 ሊትር የሚለው ደግሞ ምንም ከፍታ ሳይኖር የሚያፈሰው መጠን ነው። በመሃል፣ ማለትም 17 ወይም 18 ሜትር ላይ፣ የሚያገኙት የሊትሩን ግማሽ ያህል ነው። አንድ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ስለሚወስድ ይህ ለሁለት ሰው ይሆናል። ሲገዙ የሞተሩ ጥቅልል መዳብ ነው ወይስ አልሙኒየም ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ሁለት ተመሳሳይ ፓምፖችን አንስተው ያመዛዝኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ይሻላል።

ፓምፑን የት ላስቀምጥ? ከሮቶውስ ጋር እንዴት ይገናኝ?

ከሮቶው መውጫ ዝቅ ብሎና በተቻለ መጠን ተጠግቶ፣ ከ1 እስከ 2 ሜትር ባለው ርቀት ይቀመጥ። እንደዚህ ሲሆን ውሃው በራሱ ክብደት ፓምፑ ውስጥ ይገባል፤ አየር የመሳብና የመድረቅ ጣጣ አብዛኛው ገና ሳይጀመር ያልቃል። ከመሬት 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ብሎኬት ላይ፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፈው ያስቀምጡት። ዝናብ የማያገኘው ክዳን ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን በሳጥን አፍነው አይዝጉት። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከኋላው ባለው ማራገቢያ ነውና አየር ካላገኘ ይቃጠላል።

ቅደም ተከተሉ ከሮቶው ጀምሮ ጌት ቫልቭ፣ ወንፊት፣ ዩኒየን፣ ፓምፕ፣ አውቶማቲክ፣ እንደገና ዩኒየን፣ ከዚያ የቤቱ መስመር ነው። ሁለቱ ዩኒየኖች በመጫኛ ቀን እንደ ብክነት ይታያሉ፤ ፓምፑ ሲበላሽ ግን ቧንቧ ሳይቆረጥ በአሥር ደቂቃ ይፈታል። የፓምፑ መግቢያ 1 ኢንች ከሆነ እስከ ሮቶው ድረስ 32 ሚሊ ሜትር ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ይሁን። በመሳቢያው በኩል ቧንቧ ማጥበብ፣ ብዙ ክርን መደርደርና ቴፍሎን መቆጠብ፣ ሦስቱም በኋላ ፓምፑ ላይ የሚሳበቡ ጥፋቶች ናቸው። በመግፊያው በኩል የሚያፈስ መገጣጠሚያ ውሃ ስለሚያንጠባጥብ ይታያል። በመሳቢያው በኩል ያለው ግን ፓምፑ ከሮቶው በላይ ከሆነ አንዲት ጠብታ ሳያወጣ አየር ይስባል፤ ፈልጎ ማግኘቱም ብዙ ይደክማል።

አዲስ ፓምፕ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት ይነሳል?

ደረቁን ፈጽሞ አያስነሱት። አናቱ ላይ ያለውን የመሙያ ብሎን ይፍቱ። ሮቶው ከፓምፑ በላይ ከሆነ ጌት ቫልቩን መክፈት ብቻ ይበቃል፤ ውሃው አየሩን እየገፋ በቀዳዳው ይወጣል። ውሃው ያለ አረፋ መፍሰስ ሲጀምር ብሎኑን ይዝጉ። ሮቶው ወይም ታንከሩ ከታች ከሆነ በጆግ ቀስ እያሉ ይሙሉት፤ ፓምፑ ራሱ ከሚይዘው ሌላ ለእያንዳንዱ የመሳቢያ ቧንቧ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ይሂድበታል። እየሞሉ ውሃው ከወረደ ታች፣ በመሳቢያው ጫፍ ውሃውን እንዳይመለስ የሚይዘው ፉት ቫልቭ አልገጠመም ማለት ነው፤ እሱ ሳይስተካከል መቀጠል ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ ቅርብ ያለውን ቧንቧ ከፍተው ያስነሱት። መጀመሪያ እየተፋ ይመጣል፣ ከዚያ ይስተካከላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውሃ ካልሰጠ ያጥፉትና እንደገና ይሙሉት።

ሮቶ ሳልጠቀም ከዋናው መስመር በቀጥታ ብስብስ?

አያድርጉት። የመንገድ ሥር ቧንቧ ስንጥቆች አሉት። ውስጡ ግፊት እስካለ ድረስ ውሃ ወደ ውጭ ይፈስባቸዋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ፓምፕ ሲስብ ግፊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ በዙሪያው ያለው ጭቃና አንዳንዴም የፍሳሽ ውሃ በስንጥቁ ይገባል። ይህ ውሃ ወደ ጎረቤትም፣ ወደ እርስዎም ይመጣል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ፓምፑ ደረቁን ይዞራል።

ትክክለኛው መንገድ ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወዳለ ሮቶ ገብቶ፣ ሲሞላ በሚዘጋው ተንሳፋፊ (ፍሎት) ቫልቭ እንዲቆም፣ ፓምፑም ከሮቶው ብቻ እንዲስብ ማድረግ ነው። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያውን ቡናማ ውሃ ወደ ሮቶ አያስገቡት፤ ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለ ቧንቧ እስኪጠራ ድረስ ያፍስሱት። ለአትክልት ይሆናል። ያ ውሃ ይዞት የሚመጣው አሸዋ ለፓምፕ ከመብራት መቆራረጥ ይልቅ ጠላቱ ነው።

ወንፊቱንና ፓምፑን በስንት ጊዜ ልፈትሽ?

ወንፊቱን በወር አንዴ፤ ውሃ ለብዙ ቀን ጠፍቶ ከተመለሰ ደግሞ በማግስቱ። ጌት ቫልቩን ዘግቶ ክዳኑን መፍታት፣ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ ጎሚኒውን ሳይጣመም መመለስ፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የተደፈነ ወንፊት ፓምፑን ያስርበዋል፤ ምልክቱም ውስጡ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ነው።

ለፓምፑ ዘይትም ግሪስም አይጨመርም። ኩሽኔታዎቹ የታሸጉ ናቸው፤ ማልቀስ ሲጀምሩ ይቀየራሉ።

ሮቶው እንዴት ይታጠባል? በረኪናውስ ስንት ነው?

በስድስት ወር አንዴ፤ ደለል ከታየ ከዚያ በፊት። ውሃው አንድ ስንዝር ሲቀረው የፓምፑን ቫልቭ ይዝጉ። ይህን የሚረሱ ሰዎች ናቸው ደለሉን በገዛ እጃቸው ለፓምፑ የሚያጠጡት። ግድግዳውን ለስላሳ ብሩሽ ባሰሩበት ረጅም እንጨት ፈትገው እጣቢውን በማፍሰሻው ያውጡ። ሰው ሮቶ ውስጥ መግባት ካለበት ሌላ ሰው ውጭ ይቁም፤ ሰው ውስጥ እያለ በረኪና አይረጭም።

ከዚያ ሮቶውን ሞልተው ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር በረኪና ይጨምሩ። ይህ 5 በመቶ ለሚለው በረኪና ነው፤ በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ወደ 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። ሽታ የተጨመረበት ወይም አረፋ የሚያወጣ አይሁን። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ያፍስሱና ዘግተው ያሳድሩት። ጠዋት ሁሉንም አፍስሰው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። የበረኪናው ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰልበትም፤ በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር መቀላቀልም የሚመርዝ ጋዝ ያወጣል። አንድ ሮቶ ሙሉ ውሃ መድፋት ለሚከብደው፣ ሮቶውን ሩቡን ብቻ ሞልቶ በረኪናውንም በዚያው ልክ ቀንሶ፣ ግድግዳውን በዚያው ውሃ እየደጋገሙ ማራስ ይቻላል።

ፓምፑ ይዞራል፣ ውሃ ግን አይሰጥም። ምን ሆኖ ነው?

ከሮቶው ጀምረው ወደ ፓምፑ ይምጡ። ሮቶው ውስጥ ውሃ አለ? ጌት ቫልቩ ተከፍቷል? (እጀታው ዞሮ ውስጡ የተሰበረ ቫልቭ ያጋጥማል።) ወንፊቱ ንጹሕ ነው? እነዚህ ደህና ከሆኑ አየር ይዞታል፤ የመሙያውን ብሎን ፈትተው ያስተንፍሱት። በየጊዜው አየር የሚይዝ ከሆነ በመሳቢያው በኩል የሚስብ መገጣጠሚያ አለ። ፓምፑ እየሠራ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ ይቀቡት፤ አረፋው ወደ ውስጥ የሚጠፋበት ቦታ እሱ ነው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ቀድሞ ሁለተኛ ፎቅ ይደርስ የነበረው አሁን ምድር ቤት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። በእነዚህ ትንንሽ ፓምፖች በሚዞረው ኢምፔለርና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ አሸዋ ያንን ሲያሰፋው ውሃው ወደ ላይ መሄዱን ትቶ እዚያው ይሽከረከራል። ኢምፔለሩ ለብቻው ከተገኘ ይቀየራል። ግድግዳው ጭምር ከተቦረቦረ ግን ብር አያባክኑበት።

“እምምም” ይላል እንጂ አይዞርም። ተቃጠለ ማለት ነው?

ገና አልተቃጠለም፤ እንዲሁ ከተዉት ግን ይቃጠላል። ወዲያው ያጥፉትና ከሶኬት ይንቀሉት። ለሳምንታት ሳይሠራ የቆየ ፓምፕ ከሆነ ኢምፔለሩ በዝገት ወይም በአሸዋ ተጣብቋል። ከኋላ በማራገቢያው ክዳን መሃል ባለችው ቀዳዳ፣ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ክዳኑን ፈትተው፣ የዘንጉን ጫፍ ያገኛሉ። ብዙዎቹ ለካቻቪቴ የሚሆን ስንጥቅ አላቸው። ወዲያና ወዲህ እያሉ ያዙሩት፤ አንዴ ከተላቀቀ በጣት ብቻ ይዞራል። ቤቱን ዘግተው ለወር የሚሄዱ ሰዎች ተመልሰው ፓምፑን ከማስነሳታቸው በፊት ይህን ቢያደርጉ ብዙ ሞተር ይተርፋል።

ዘንጉ በነፃነት እየዞረ አሁንም “እምምም” ካለ ተጠርጣሪው ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው ካፓሲተር ነው። በ0.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ነው። የሚገዛው ግን አሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው እንጂ “ከፍ ያለው ይሻላል” ተብሎ አይደለም፤ ከፍ ያለው ሞተሩን ያሞቀዋል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር ሊነዝር ስለሚችል፣ ከመንካትዎ በፊት እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቪቴ ሁለቱን ጫፎች ያገናኙ።

ሦስተኛው የመብራቱ አቅም ነው። ማታ ማታ ቮልቴጁ ከ190 በታች ሲወርድ ደህናው ፓምፕም መነሳት ያቅተዋል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ገመድ ደግሞ ያለውንም ይቀንሰዋል፤ ለፓምፕ 2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ገመድ ከብሬከሩ በቀጥታ ይሳብ።

መብራት ሲጠፋ በትንሽ ጄኔሬተር ወይም በኢንቨርተር ማንቀሳቀስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን 370 ዋት የሚለውን አይቶ 500 ዋት ጄኔሬተር መግዛት አይሆንም። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ 2,000 ዋት ያለው ሳይንገዳገድ ያስነሳዋል። ኢንቨርተር ከሆነ የንጹሕ ሳይን ዌቭ ዓይነት ይምረጡ፤ ርካሹ ሞተሩን እያንጫጫ ያሞቀዋል።

ከፓምፑ ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። ብሬከሩንም ያወርዳል፤ ሲነኩት ደግሞ ይነዝራል።

በሞተሩና በውሃው ክፍል መካከል ካለው ክፍተት የሚንጠባጠብ ከሆነ መካኒካል ሲሉ አልቋል። ይህ ውሃው በዘንጉ በኩል ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያሽግ፣ አንዱ ፊቱ ካርቦን፣ ሌላው ሴራሚክ የሆነ ቀለበት ነው፤ ዋጋው ከፓምፑ አንጻር ኢምንት ነው። ሲቀየር ፊቶቹ በጣት አይነኩም፤ የእጅ ቅባትና አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለማበላሸት ይበቃሉ። ፍሳሹን ችላ ካሉት ውሃው በዘንጉ ላይ ሄዶ ኩሽኔታውን ያዝገዋል፣ ከዚያ ጥቅልሉ ውስጥ ይገባል፤ መንዘሩና ብሬከር ማውረዱ የዚያ ውጤት ነው።

የሚነዝር ፓምፕ አንድ ደቂቃም አይሠራበት። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር የቆመ ሰው ሊሞት ይችላል። የፓምፑ አካል ከኤርዝ ጋር መያያዙን፣ የቤቱም ኤርዝ በእርግጥ መሬት ውስጥ የገባ ዘንግ እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈትሹ፤ በመስመሩ ላይም 30 ሚሊ አምፔር የሆነ የኤርዝ ሊኬጅ ብሬከር ያስገጥሙ። ተራው ብሬከር ገመዱን ከመቃጠል ያድናል እንጂ ሰውን ከመነዘር አያድንም።

ውሃ አልቆ ፓምፑ ደረቁን ሠርቷል። እንዳይደገም ምን ላድርግ?

መካኒካል ሲሉን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ውሃው ራሱ ነው። ያለ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ከዞረ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፤ የፕላስቲክ ቧንቧው ክርም ሊለሰልስ ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ወዲያው አይልቀቁበት። እስኪበርድ ጠብቀው ከሞሉት በኋላ ከሥሩ ያንጠባጥብ እንደሆነ ይመልከቱ።

ኤሌክትሮኒክ አውቶማቲኮች ውሃ ሲያጡ ራሳቸው አጥፍተው ቀይ መብራት ያበራሉ፤ ውሃው ሲመጣ የማስጀመሪያ ቁልፋቸውን መጫን ነው። የሜካኒካል ፕሬዠር ስዊች (በስፕሪንግ የሚሠራው የግፊት ማብሪያ) ይህን አያውቅም። ግፊት እስካጣ ድረስ “ሥራ” እያለ ሌሊቱን ሙሉ ያስዞረዋል። ለእሱ ሮቶው ውስጥ የሚንጠለጠል የፍሎት ማብሪያ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ከፍሎቱ የሚወጡት ገመዶች ሦስት ናቸው፤ በቀለማቸው አይመኑ። በቴስተር ፍሎቱ ሲነሳ የሚገናኙትን፣ ሲወድቅ የሚለያዩትን ሁለቱን ይለዩና በፌዙ መስመር ላይ ያስገቡ። የፍሎቱ መውደቂያ ከመሳቢያው አፍ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን።

ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይጠፋል። አንዳንዴም ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሌሊት ለብቻው ይነሳል።

ሁለቱን ለይተው ይመልከቱ። ቧንቧ ተከፍቶ እያለ በየሰከንዱ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነና ፕሬዠር ታንክ (ውስጡ በታመቀ አየር ግፊት የሚያጠራቅም ታንክ) ካለዎት፣ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር አልቋል። ጫፉ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለች ቫልቭ አለች፤ ትንሽ ይጫኗት። ውሃ ከወጣ የውስጡ የጎማ ከረጢት ተቀዷል፣ ይቀየራል። አየር ብቻ ከወጣ ወይም ምንም ካልወጣ ፓምፑን አጥፍተው፣ ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁና አየር ይሙሉ። መጠኑ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.2 ባር ያነሰ ነው። በ1.4 ተነስቶ በ2.8 ለሚጠፋ ስዊች 1.2 ባር ይሆናል፤ በጎሚስታው መለኪያ (ፒኤስአይ) 17 አካባቢ ማለት ነው። ውሃው ሳይለቀቅ የተለካ አየር ሐሰት ይናገራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሁሉ ተዘግቶ የሚነሳ ከሆነ ውሃ አንድ ቦታ እየሄደ ነው። ማታ ከአውቶማቲኩ ቀጥሎ በቤቱ መስመር ላይ ያለውን ቫልቭ ይዝጉ። መነሳቱን ካቆመ ፍሳሹ ቤት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ገንዳ ይጠርጥሩ፣ ውስጡ ጥቂት የቡና ብናኝ ወይም ቀለም ጨምረው ሳይለቁት ወደ መቀመጫው ይወርድ እንደሆነ ያያሉ። ቫልቩ ተዘግቶም ከተነሳ ውሃው በፓምፑ በኩል ወደ ሮቶው እየተመለሰ ነው፤ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ነን ሪተርን ቫልቭ ውስጥ አሸዋ ተቀርቅሮበታል።

የተገላቢጦሹ፦ ሁሉም ተዘግቶ ፓምፑ አይጠፋም።

ስዊቹ የሚጠፋበትን ግፊት ፓምፑ መድረስ አቅቶታል። 2.8 ባር ላይ እንዲጠፋ የተስተካከለ ስዊች ካለ ፓምፑ ከ28 ሜትር በላይ መግፋት አለበት። አዲስ ሳለ 35 ሜትር ይገፋ የነበረው ተበልቶ 26 ላይ ከቀረ እስከ ንጋት ይዞራል። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ደግሞ የበለጠ የሚጨነቀው መውጫው ሲዘጋ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪፈላ ይሞቃል። ለጊዜው የስዊቹን ማጥፊያ ወደ 2.2 ባር ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ የግፊት መለኪያውን እያዩ የስፕሪንጉን ዳዶ በሩብ ዙር ማላላት ነው። ቀኑን ለማራዘም ነው እንጂ መፍትሔው ሌላ ነው።

“8 ሜትር ይስባል” የሚል ፓምፕ ገዝቼ ከ6 ሜትር ጉድጓድ አልሳበም። አጭበረበሩኝ?

ላይሆን ይችላል። ፓምፕ ውሃን ከታች ጎትቶ አያወጣም። በመሳቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣው ከላይ የሚጫነው የከባቢው አየር ነው። በባሕር ወለል ላይ ያ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ይገፋል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ልኩ ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል። ከወረቀቱ 8 ሜትር ላይ የሁለቱ ልዩነት የሆነው 2.5 ሜትር ሲቀነስ 5.5 ይቀራል፤ የቧንቧው ፍትጊያና የፉት ቫልቩ ድርሻ ሲወጣ በተግባር የሚተማመኑበት 4 ሜትር ያህል ነው። ባሕር ዳር ቅናሹ ወደ 2 ሜትር፣ ድሬዳዋ ከ1 ሜትር ትንሽ በላይ ነው። ወደ ላይ በሚገፋበት በኩል ግን ከፍታው ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ የበለጠ የፈረስ ጉልበት ያለው መግዛት አይረዳም፤ 2 የፈረስ ጉልበትም አየሩ ከሚገፋው በላይ አይስብም። ያለው ምርጫ ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግ ወይም ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰመርሲብል ፓምፕ መጠቀም ነው።

ሕንጻው ረጅም ነው። ታች የተገጠመው አውቶማቲክ ላይኛው ፎቅ ቧንቧ ሲከፈት አይነሳም፤ ታች ሲከፈት ግን ይነሳል።

ፓምፑም አውቶማቲኩም ደህና ናቸው። ብዙዎቹ ኤሌክትሮኒክ አውቶማቲኮች የሚነሱት ግፊቱ ወደ 1.5 ባር ሲወርድ ነው። ከእነሱ በላይ 18 ሜትር የሚቆም ውሃ ካለ፣ ላይኛው ቧንቧ ተከፍቶም የውሃው ክብደት ብቻ 1.8 ባር ይይዛል፤ አውቶማቲኩም ግፊት እንዳለ ቆጥሮ ይተኛል። ከአውቶማቲኩ እስከ መጨረሻው ቧንቧ ያለው ከፍታ ከ15 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የመነሻ ግፊቱ የሚስተካከል ዓይነት ይግዙ፤ ፓምፑም ከመነሻው ቢያንስ 0.8 ባር በላይ መድረስ አለበት።

እንዲህ ባለ ሕንጻ ጣሪያ ላይ ሁለተኛ ሮቶ አስቀምጦ ውሃውን ከዚያ ማውረድ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋም ቧንቧው አይደርቅም። ያኔ አውቶማቲኩ ቀርቶ ሁለት የፍሎት ማብሪያዎች በአንድ ፌዝ ላይ በተከታታይ ይገባሉ፤ የታችኛው ሮቶ ፍሎት ውሃ ሲኖር የሚያገናኝ፣ የላይኛው ደግሞ ውሃው ሲጎድል የሚያገናኝ። ፓምፑ የሚነሳው ታች ውሃ ኖሮ ላይ ሲጎድል ብቻ ይሆናል። ላይኛው ተገልብጦ ከተገጠመ ሮቶው ሞልቶ በጣሪያው ይፈስሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰው ላይ ቆሞ ፍሎቱን በእጁ አንስቶ ፓምፑ መጥፋቱን ያረጋግጥ።